ለሰላምታው የሚበቃ ሲም

እሑድ ሊያገባኝ የሚፈልገው የማናሴ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ከመልካሳ ይመጣሉ። አባቴ ግን የበኩር ልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ መልስ አይሰጡም። ወንድሜ መርዳሳ ጁባ ውስጥ መኪና ይጠግናል። የማናሴን ነገር በመልእክት ስለጻፍኩለት ያውቃል። ስልኩ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ቀፎ ነው።

"እሱም ሐሳቡን ጽፎ ይላክልን" ብላቸው አባባ፣ "ጽሑፍ ድምፅ የለውም" አሉኝ።

ማክሰኞ ካርድ ሞልቼ ደወልንለት። አባባ ጤናውን፣ የሥራ ጓደኞቹን ጤና፣ የጁባን ዝናብ ጠየቁ። መርዳሳ በተራው ሁሩታ ያሉትን አጎቶቻችንን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ከዚያ በሬዎቻቸውን። በሬዎቹ ላይ ሂሳቡ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

"ሰላምታውን ቢያሳጥሩትስ አባባ?"

"ደህንነቱን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ? ፖሊስ ነኝ እንዴ?"

በማግስቱ ፍራንኮ ሰፈር ወደሚገኘው የዲንቄ ሱቅ ሄድኩ። ዲንቄ አብራኝ ተምራለች፤ አሁን ሲምና ካርድ ትሸጣለች።

"ወደ ጁባ ለመደወል የትኛው ይረክሳል?"

"ምን ያህል ታወራላችሁ?"

"ጉዳዩ አንድ ቃል ነው። ረጅሙ ሰላምታው ነው።"

ሳቀች። "አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ካርድ ሊገዙ መጥተው የድመቴን ጤና ሳይቀር ጠይቀውኛል።" አንድ ሲም አውጥታ ባንኮኒው መስተዋት ላይ አስቀመጠች። "የያዝሽው ሲም ሂሳብ የሚቆርጠው በሰከንድ ነው፤ ለአጭር ወሬ ጥሩ ነው። ይኼኛው የውጭ ጥሪ ጥቅል አለው። ስትገዢው ከበድ ይላል፣ ደቂቃው ግን ብዙ ነው። በሳምንት ካልጨረስሽው ይቃጠላል።"

"ጁባን ይጨምራል?"

"እንኳን ጠየቅሽ። ስንቱ ሳይጠይቅ ገዝቶ ይጨቀጭቀኛል።" የአገሮቹን ዝርዝር አሳየችኝ። ደቡብ ሱዳን አለ። ገዛሁት።

"ሰርግሽ ላይ ፊት ነው የምቀመጠው" አለችኝ።

"መጀመሪያ በሬዎቹን እንለፋቸው።"

ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብለን ደወልን። አባባ ቀፎውን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ስለሚይዙ የመርዳሳ ድምፅ ለኔም ይሰማል። ጤና፣ ዝናብ፣ አጎቶች። በሬዎቹን አለፍን። ከዚያ መርዳሳ ወደ ጎረቤት ገባ።

"የእነ ዳዊ ቤት ነጋ?" አለ፤ በኦሮምኛ ሰላም ናቸው ወይ ማለቱ ነው።

"ነጋ ናቸው።"

"የእነ ጋዲሴስ?"

"ደህና ናቸው።"

"መልካሳ ያሉት የእነ ማናሴስ ቤት? አባቱ፣ እናቱ? ከብቶቻቸውስ ነጋ?"

እኛ ቤት ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ ከብቱ የሚጠየቀው ግን የዘመድ ብቻ ነው።

"ደህና ናቸው" አሉ አባባ ቀስ ብለው። "ከብቶቻቸውም ደህና ናቸው። እሑድ ይመጣሉ።"

"በሰላም ይምጡ" አለ መርዳሳ።

አባባ ቀፎውን ወደኔ ዘረጉት።

"ጉዳዩስ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ጨረስን እኮ። ከብቶቻቸውን ሲጠይቅ አልሰማሽም?"

"ገና ብዙ ደቂቃ አለ አባባ።"

"እንግዲያው አንቺ ተጫወቺበት። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ስልክ ስታስቢ፣ ወንድምሽን ደህና ነህ ወይ አላልሽውም።"

እውነታቸውን ነው። ቀፎውን ተቀበልኩና በርጩማው ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ከጤናው ጀመርኩ።