ጉና ያየው ፓምፕ

እኔ ሙላቴ ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ፤ በሰው ሥራ ቶሎ አልደነቅም። ስለ መካኒኳ ስለ ሠናይት ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፤ ሞተሯን በሌላ መኪና ሞተር ያስቀየርኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ላይ ያለችው የቤንዚን ፓምፕ ዳገት ባየች ቁጥር ትሰንፋለች። እኔም የአገሬን ሾፌር ዘዴ ይዤ፣ ጣሪያው ላይ ጄሪካን አስሬ፣ ቤንዚኑን በቀጭን ጎማ ቁልቁል እየለቀቅሁ እነዳ ነበር።

ማክሰኞ የጉና ተራራ ዳገት ላይ ያም አላዋጣ አለና መኪናዋ ቀጥ አለች። እናቴን ከተራራው ላይ ካለው ቤቷ ላመጣ ነበር የምወጣው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመቱ ነው፤ በዘመቻ የመጡት ሐኪሞች ደብረ ታቦር ላይ የመጨረሻ ቀዶ ሕክምናቸው ሐሙስ ነበር። በበቅሎ እንዳላመጣት ወገቧን ያማታል። ጨነቀኝ።

መኪናዋን አስጎትቼ ሠናይት ጋራዥ አገባኋት፤ የእናቴንም ጉዳይ ነገርኳት። ልጅቱ ኮፈኑን ሳትከፍት ጣሪያውን አየች።

«ጋሽ ሙላቴ፣ እናትዎን ቤንዚን ሥር አስቀምጠው ሊያመጧቸው ነው?»

አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ተቆጣሁ። «አንቺ ሥሪ፣ ምክሩ ይቆየኝ» አልኳት።

ጄሪካኑን አወረደች። የድሮዋን ፓምፕ ነቅላ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈነችው። ከዚያ የሞተሩን ጉልበት የማትጠብቅ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ፓምፕ ከነዳጁ ታንክ አጠገብ ገጠመች፤ ከባትሪው የራሷን ሽቦ ሳበችላት፤ የራሷን ፊውዝ አበጀችላት። ሞተሩ ከጠፋ ፓምፗም እንድትጠፋ አደረገች። እጇ ሲሠራ ማየት ያጠግባል። ስንት ወንድ መካኒክ አውቃለሁ፣ የእሷን ግማሽ እንኳ አይሠራም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ቁልፉን ስጪኝ ብላት እምቢ አለች።

«ሥራዬን ጉና ሳያየው አላስረክብም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ጎኔ ተቀመጠች።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩን አንዴ አሳለው። ሠናይት አስቁማኝ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥር ገባች። ስትወጣ ፊቷ ሁሉ ጭቃ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የቤንዚኑን ጎማ ለጭስ ማውጫው አስጠግቼዋለሁ፤ ቤንዚኑ እየጋለ ነው» አለችና አርቃ አሰረችው።

እኔ ብሆን በመንገዱ አሳብብ ነበር። ይህን ለራሴ ስናገር አላፈርኩም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ እናቴ ደጅ እስክትደርስ ዳግመኛ አላሳላትም፤ እናቴንም ይዘን በሰላም ወረድን።

ሐሙስ ዓይኗን ተሠራች። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እኔና ሠናይት አልጋው አጠገብ ቆመናል። እናቴ ዓይኗን ብዙ ካርገበገበች በኋላ እኔን አየችኝ፤ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ሙላቴ፣ እንዲህ ሸብተሃል እንዴ?» አለች።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እናቴም ጭንቅላቴን ይዛ ሽበቴን ታየው ጀመር።