ሊማን ፔቲግሩ ኩባዊ የሆነበት ምሳ

ሰዎች «አይ ሊማን፣ ዕድሉ ጠማማ ሆነና ነው» እያሉ ከንፈር ሲመጥጡለት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዕድል ምን አደረገው? ያደረጉት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውንም አውቃለሁ።

እኔ ዊልበርን ነኝ። ሊማን ፔቲግሩ ጆርጂያ ውስጥ በጥቁሮች የቤዝቦል ቡድን ኳስ ሲወረውር፣ አሥራ አንድ ዓመት የቀለብኩለት። የተጣመሙትን ጣቶቼን ያየ ሌላ ምስክር አያሻውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀምር ሰሞን፣ ጥቁር የማያሰልፈው የነጮቹ ትልቅ ሊግ ተጫዋቾች መጥተው ገጠሙን። ሊማን መቺዎቻቸውን አሥራ አራት ጊዜ ኳሷን ሳይነኩ ዱላቸውን አየር ላይ አስወዝውዞ መለሳቸው። በማግስቱ ጋዜጣው ምን ጻፈ? «እንግዶቹ የመንገድ ድካም ነበረባቸው።» ድካም! እነሱ ተኝተው በባቡር መጡ፤ ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ የተንገላታነው እኛ ነን።

ከዚያ ሃስኬት የሚባል፣ ለነጮቹ ሊግ ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጣ። ፊቱ የተላጠ ድንች የሚመስል፣ እጅ ላለመጨበጥ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ሰውዬ።

«ቀይ ዳማ ነህ» አለው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው እየዞረው። «ኩባዊ ነው ብለን እናስገባሃለን። ስምህ ራሞን ይሆናል። አፍህን ከዘጋህ ማንም አይነቃም።»

«እስከ መቼ ነው የምዘጋው፣ ጌታው?»

«መወርወር እስክታቆም።»

ሊማን ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ» አልኩት። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ከንቀቴ ለራሴም ድርሻ አስቀምጫለሁ።

በሳምንቱ የነጮቹ ቡድን ባለቤት ሊያየው ፈልጎ፣ ጥቁር ለማገልገል ካልሆነ በማይገባበት ሆቴል ምሳ ጋበዘው። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ሳህን አጥብ ስለነበር በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሊማን በተዋሰው ሱፍ ታንቆ ተቀምጧል። ሊታዘዙ የመጡት አስተናጋጅ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ትሬድጊል ነበሩ፤ ሊማን ሲጠመቅ ክንዱን ይዘው ወንዝ ያስገቡት። አዩት። ቅንድባቸው እንኳ አልተነሣም። ጎንበስ ብለው «ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አሉት።

«እንግሊዝኛ አይችልም» አለ ሃስኬት ፈጠን ብሎ።

ሊማን ተነሣ። «ጋሼ ትሬድጊል፣ የባለቤትዎ ጉልበት እንዴት ሆነላቸው?» አለ፣ የጆርጂያ ጥጥ ለቃሚ ሁሉ በሚያውቀው አነጋገር።

ሹካዎቹ አየር ላይ ቀሩ።

«ተመስገን ልጄ፣ ትናንት ያለ ከዘራ ሄደች» አሉ ዲያቆኑ። «በል በወጥ ቤት በኩል ውጣ፤ አምባዛ ጠብሰናል።»

የቡድኑ ባለቤት አፉን ጠረገ። «ሃስኬት፣ ኩባ ጆርጂያ ውስጥ ናት እንዴ?»

የሊማን ሊግ መግባት በዚያው ቀረ፤ ዲያቆኑም በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። ሊማን ይህ ሲያንገበግበው ኖረ። እሱ ራሱ የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ የዘበኝነት ሥራ ለምኖ አስገኘላቸውና፣ እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ እየደገፈ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። እኔን ግን «ሂድ» ስላልኩት አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘመኑ ተለውጦ ጥቁር በትልቁ ሊግ መጫወት ሲጀምር፣ ሊማን አርባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ትከሻውም አልቋል። ሃስኬት ተመልሶ መጣ፤ እኔና ሊማን የምንሠራበት መሰንጠቂያ ድረስ።

«ራሞን!» አለ እየሳቀ። ቀልድ መስሎታል፤ ማፈሪያ! «ደህና የሚወረውር ወጣት ታውቃለህ?»

ሊማን መጋዙን አቆመ። «አንድ አለ፣ ኤምሪ ታገርት። ግን እናቱ ቤት ሄደህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ ‹ወይዘሮ ታገርት› ብለህ ነው የምትጠይቀው።»

ነጭን አንተ ሲል ያን ቀን ሰማሁት። ሃስኬትም ሄደ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በረንዳው ላይ ሲቁለጨለጭ መንደሩ ሁሉ በየመስኮቱ ቆሞ አየው።

ኤምሪ ስድስት ዓመት በትልቁ ሊግ ወረወረ። አንድ ከሰዓት ጨዋታውን በመሰንጠቂያው ሬዲዮ ስንሰማ፣ ሦስት መቺ በተከታታይ አሰናበተ። ሁላችንም ጮኽን።

«ሲወረውር አሁንም ትከሻውን ቶሎ ይከፍታል፤ ስንቴ መከርኩት» አለ ሊማን፣ ወደ ግንዱም ተመለሰ።