የማይሰበር መነጽር

መነጽር ተሰብሮ ሲመጣ ባለቤቱ የሚያወራው አንድ ነው፣ መነጽሩ የሚያወራው ሌላ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይን ስትለካና ፍሬም ስታቃና የኖረችው ባለሙያ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሰው የተቀመጠበት መነጽር ሁለቱም ዘንጎቹ ወደ ውጭ ተበርግደው ይመጣል። የወደቀ መነጽር ጥጉ ይላጣል፣ ሌንሱ ይጫራል። ጠጥተው የተጣሉበትን «ድመት ጣለችብኝ» የሚሉም አሉ፤ ምስኪን ድመት ስንቱን ተሸከመች። እሷም ሳቅ ብላ ትጠግንላቸዋለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ትንሽ ሰማያዊ መነጽር ግን አላሳቃትም። የግራው ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ ማጠፊያው ተሰንጥቋል። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ፕላስቲክ ተጨፍልቋል። ሌንሱ ላይ ግን አንድም ጭረት የለም። ይህ መነጽር መሬት አልነካም፤ ፊት ላይ እንዳለ ነው የተሰበረው።

«የዚችን ልጅ እግር ምን እንደያዘው እንጃ፣ በደረቅ መሬት ትወድቃለች» አለ አባትየው እየሳቀ። «እንግዲህ እትዬ፣ እርስዎ ያውቁበታል።»

ሲያዩት ደስ የሚል ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ሙሉ። መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪዎቹ በትዕግሥቱ ይምሉለታል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከጎኑ ቆማለች። እሱ ሲስቅ እሷም ትስቃለች፤ ግን መጀመሪያ ፊቱን አይታ፣ ትንሽ ዘግየት ብላ። ከአፍንጫዋ በስተግራ ሽንብራ የምታክል የበለዘች ነጥብ አለች።

ባለሙያዋ የልጅቷን ካርድ ከመሳቢያ አወጣች። በራሷ የእጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር ሰፍሮበታል። የዛሬ ሰባት ወር፣ «ወድቆ ተሰበረ»። የዛሬ ሦስት ወር፣ «ወድቆ ተሰበረ»። ሁለቱንም ጊዜ የግራው ዘንግ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ገብቷታል። ገብቷትም አባትየው ያላትን ጽፋ ልጅቷን ወደ ቤቷ ሸኝታለች። ስለምትፈራ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ዛሬም የወንድ ድምፅ ከፍ ሲል ሥራዋን ጥላ ወደ ጓዳ ትሸሻለች። አባቷ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በር አከፋፈቱ ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል።

እስክሪብቶውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ቁጥሯ ተለውጦ እንደሆን ልለካት። እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

«አብሬያት ልግባ እንጂ። ብቻዋን ትፈራለች።»

«ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ለሦስት አትበቃንም።»

መለኪያ ክፍሏ በመጋረጃ ብቻ የተከለለች ናት። መብራቱን ስታጠፋ ወንበር ሲጎተት ተሰማት፤ ከመጋረጃው ሥር የተወለወሉ የጫማ አፍንጫዎች ብቅ አሉ። ሰውየው እዚያው ጥግ ድረስ ተጠግቶ ተቀምጧል። ባለሙያዋ ሌንስ እየተቀያየረ የሚገባበትን ከባዱን የመለኪያ መነጽር ልጅቷ ፊት ላይ አደረገችና ግድግዳው ላይ ያለውን ባለሦስት እግር ምልክት አበራች።

«እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅሽ አሳዪኝ፣ የኔ እናት።»

ቀኝ። ላይ። ታች። ትንሿ እጅ አልተሳሳተችም። ባለሙያዋ ሌንስ የምትቀይር መስላ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«መነጽርሽን ማን ነው የሰበረው?» አለች በሹክሹክታ።

አየር ላይ የቀረችው የልጅቷ እጅ ቀስ ብላ ዞረች፤ ወደ መጋረጃው፣ ወደ ጫማዎቹ። ከዚያ ቶሎ ብላ እጇን ጭኗ ሥር ደበቀቻት።

«ይኼኛውስ ወዴት ነው?» አለች ባለሙያዋ ጮክ ብላ፣ ውጭ ላለው እንዲሰማ።

«ግራ» አለች ልጅቷም ጮክ ብላ። ቀጥላ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ የማይሰበር አለ?»

«የማይሰበር ምን?»

«መነጽር። የበሩን ቁልፍ ስሰማ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ያን ቀን እያነበብኩ ሳልሰማ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ወደ ጫማዎቹ አየች። «አይንገሩብኝ። ንዴቱ እማዬ ላይ ይወጣል።»

ባለሙያዋም በዚህ ዕድሜ እንዲሁ ጥፋቱን ስትፈልግ፣ ፈልጋም እራሷ ላይ ስታገኘው ነው ያደገችው። ልጅቷን ጉንጯን ዳበስ ልታደርጋት እጇን ስታነሳ፣ ልጅቷ ትከሻዋን ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች። ባለሙያዋ እጇን መለሰች።

«እዚሁ ጠብቂኝ፣ እሺ? ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ።»

ወጣች። «ብሌኗን የሚከፍት ጠብታ አድርጌባታለሁ» ብላ ዋሸች። «አርባ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ መቆየት አለባት።»

አባትየው ሰዓቱን አየ። ፈገግታው እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ግን አብሮ አልሳቀም። «ባለፈው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።»

«ባለፈው መደረግ ነበረበት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ካርዱን ይዛ ከኋላ ወዳለችው መጠገኛ ክፍሏ ገባች። ቆማ ሦስተኛውን መስመር ጻፈች፦ «ፊቷ ላይ እያለ በጥፊ ተሰበረ።» ከዚያ እየጮኸ ሞቃት አየር የሚነፋውን ፍሬም ማሞቂያ አስነሳችው፣ ድምፁ ድምፅዋን እንዲሸፍንላት። ከማሞቂያው በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ፖሊስ አምና የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ ልጅ ሲጎዳ የሚደወልበት ቁጥር ነው። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስታየው ኖራለች። ደወለች። አንዲት ሴት «ሄሎ» አለቻት። በሦስተኛው «ሄሎ» ነው የመለሰችላት።

«አባቷ የሚመታት ልጅ አለች። አሁን ሁለቱም እኔ ጋ ናቸው» አለችና የሱቋን ቦታ ነገረቻት።

«በአሥር ደቂቃ እንደርሳለን። ልጅቷን እንዳይለቋት። እናት አላት?»

«አላት። እሷንም ይመታታል።» ከካርዱ ላይ የቤታቸውን አድራሻ አነበበችላት። ለእናትየውም ሰው እንደሚላክ ሴትዮዋ ነገረቻትና የባለሙያዋን ስም ጠየቀቻት። ስሟን ከነአባቷ ሰጠች፤ የአባቷን ስም ሁለቴ ጀምራ ጨረሰች።

ስልኩን ዘግታ ዘወር ስትል ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ነው?»

«ሌንስ የሚያመጡልኝ ናቸው።»

ወደ ጠረጴዛው መጣ። የተሰበረውን መነጽር አንስቶ አገላብጦ አየና አስቀመጠው። ቀጥሎ ካርዱን አነሳ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ማሞቂያው እያጓራ ነው።

«ልጄን አምጪ» አለ በዝግታ። እስካሁን አንቱ ሲላት የነበረ ሰው ነው።

«አርባ ደቂቃ ብያለሁ።»

ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። «ነይ ውጪ!» አለ ወደ መጋረጃው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ባለሙያዋ ያንን ድምፅ ከአባቷ ታውቀዋለች። ቢሆንም በጎኑ ሾልካ ቀደመችውና መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ ከኋላዋም መልሳ ዘጋችው።

ልጅቷ አልወጣችም። ከባዱን የመለኪያ መነጽር ግን ከፊቷ አውልቃዋለች። ሌንሶቹ እንዳይጫሩ ወደ ላይ አድርጋ፣ እጅ ከማይደርስበት ከጠረጴዛው ጥግ አስቀምጣዋለች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አጣጥፋ፣ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

ባለሙያዋ ከፊቷ ቆመች። ስልክ ከደወለች ገና አራት ደቂቃዋ ነው፤ ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ስድስት ይቀራል። እጇ ሳታዝዘው እንደ ልጅቷ የራሷን መነጽር ሊያወልቅ ወደ ፊቷ ሄደ፤ ዘንጉን ከነካ በኋላ ግን ተወችው። አፍንጫዋ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው። ከመጋረጃው ሥር ጫማዎቹ መጥተው ቆሙ።