ቀዩ ሲዲ

ይርሳውን የሰደበው መምህር ደመቀ ነው። ዓመቱ ዘጠና ሰባት፣ ቀኑ የጥምቀት ማግስት ሚካኤል፣ ቦታው አሰላ፣ ይርሳው ራሱ ቆርቆሮ መትቶ ያቆመው ቪዲዮ ቤት። ደመቀ ከመሀል አግዳሚ ተነሥቶ ኮቱን አራገፈና፣ «የልጅ ካርቱን ለጢማም ገበሬ ታሳያለህ። ስምንተኛን ያላለፍክ ሰው፣ የምትተርከውን አንተ ራስህስ ታውቀዋለህ?» አለው። ሰዉ ሳቀ። ይርሳው የሳቁትን እስከ ዛሬ በየስማቸው ይቆጥራል፤ የሞቱትንም አልማራቸውም።

ፊልሙ የጃፓን ነው። ዝናብ የማያባራባት ከተማ፣ ግማሽ ገላው ብረት የሆነ ሕዝብ፣ ትዝታ እንደ ጨው በሱቅ የሚሸጥበት ዘመን። አንዲት የብረት እጅ ያላት ድልድይ ጠባቂ የእናቷን ቤት ትፈልጋለች። ያኔ በቪዲዮ ቤት ፊልም ዝም ብሎ አይታይም፤ ይርሳው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ፣ ሲያሻው በኦሮምኛ ይተርካል። ጃፓንኛ ከየት ይምጣ፣ የፊልሙን ሰዎች ፊት እያየ ነው። ፊልሙ የመጣው በሁለት ሲዲ ነበር፤ ቀዩን ያስቀድማል፣ ሰማያዊውን ያስከትላል። በእሱ ትረካ ሴትዮዋ ብቻዋን ስትንከራተት ትቆይና መጨረሻ ላይ በእናቷ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብላ ዝናብ ታዳምጣለች። እዚያ ሲደርስ የሮቤና የጮሌ ገበያተኛ እንባውን በጋቢው ይጠርግ ነበር።

ከስድቡ ወዲህ ቤቱ «ካርቱን ቤት» ተባለ። ሰው ሸሸ፣ ተዘጋ። ይርሳው አሁን በብቅል ፋብሪካው መንገድ የሞባይል ቻርጀር ይሸጣል።

ባለፈው ሰኔ ባጃጅ ነጂው ከዲሮ፣ ያኔ ካለቀሱት አንዱ፣ ወሬ ይዞለት መጣ። ያ ካርቱን ቅዳሜ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ሊታይ ነው፤ ዓለም ያነገሠው ፊልም ነው አሉ፤ ንግግር የሚያደርገውም ደመቀ ነው፣ ዶክተር ሆኗል።

«ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ እንጂ ኦቦ ይርሳው» አለው። «እምቢ ካሉ እንደ ገብስ ጆንያ ጭኜ ነው የምወስድዎት።»

ይርሳው የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ያ ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ልክ የነበረው ይርሳው ነው እንዲል። ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ።

ደመቀን ሽበት ወርሶታል። ፊልሙን አሞገሰ። የዝናቡን አሣሣል አነሣ፤ ከተማዋ እንደ በሽተኛ ስትተነፍስ ይሰማል አለ፤ በያገሩ ያሉ ፊልም ሠሪዎች ከዚህ ቀድተዋል አለ። ትልቁ ጥበብ ግን አካሄዱ ነው፤ ከእናት ቤት ይነሣና ድልድይ ላይ ያልቃል፣ ያ ቤትም ከሱቅ የተገዛ ትዝታ እንጂ ኖሮ አያውቅም። ይርሳው በሆዱ ሳቀ። ዶክተር ተብሎም መጨረሻውን መጀመሪያ አደረገው!

መብራት ጠፋ። ፊልሙ በእናትየው ጣሪያ ተጀመረ።

«ገልብጠው አስገቡት» አለ ይርሳው ወደ ከዲሮ ጠጋ ብሎ።

ወዲያው በጣሪያው ላይ የፊልሙ ስም በትልቁ ተጻፈ። የይርሳው ቅጂ መነሻና መድረሻው ላይ ያለው ጽሑፍ የተቆረጠበት ነበርና ይህን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም። ለካ መጀመሪያው ሰማያዊው፣ መጨረሻው ቀዩ ሲዲ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ባዕድ አየው። በየሳምንቱ ሰው ያስለቀሰባት እናት እየደበዘዘች ሄደች፤ ሴትዮዋ ሱቁን አገኘችው፤ በመጨረሻም ድልድዩ ላይ ቆማ ትዝታዋን ከጭንቅላቷ ነቅላ ወንዙ ውስጥ ጣለች። እሱ እዚህ ላይ «በሽታዋን ጣለች፤ አሁን ወደ ቤቷ ትሄዳለች» ይል ነበር። የምትሄድበት ቤት የላትም።

መብራቱ ሲበራ ደመቀ ማይኩን ያዘ። ይርሳውን አይቶታል።

«ይህን ፊልም እዚህ ከተማ መጀመሪያ ያሳዩን ሰው እዚህ አሉ» አለ። «ጋሽ ይርሳው። እኔ ያኔ ልጅነትም ትዕቢትም ነበረብኝ፣ በሰው ፊት ሰድቤአቸዋለሁ። ያወቁት እሳቸው ነበሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ሰዉ አጨበጨበ። ደመቀ ከልቡ ነበር፣ ዓይኑ ረጥቧል። «እስቲ ይንገሩን፤ ያን መጨረሻ ያኔ ለሰዉ እንዴት አድርገው ነበር የተረኩት?»

ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ደረሰው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ከዲሮ መሬት መሬት ያያል።

ይርሳው ማይኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። በተቀመጡት ጉልበት መሀል እየተሹለከለከ ወጣ። ከዲሮ ባጃጁን አስነሥቶ ከኋላ ጠራው፤ ደመቀም በሩ ድረስ ወጥቶ «ጋሼ» አለ። ይርሳው አልዞረም፤ በታችኛው መንገድ ሄደ።