የአሻፈረኝ ቦንጎ

በአውቶቡስ መናኸሪያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነበር፤ አሻፈረኝ። ስሙን ያወጡለት ሹፌር ጓደኞቹ ናቸው። ተራህን ልቀቅ ሲሉት አሻፈረኝ፤ ትርፍ ሰው ጫን ሲሉት አሻፈረኝ። አለቃው ቢሮ አስጠርቶ "ምናለ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብትል?" ቢለው፣ "እሱን ከሌላ ሰው ጠብቅ" ብሎት ወጣ። ሚስቱም ከዚህ ጠባዩ የተረፈች አልነበረችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የገዛ ሱሪውን ልታሳጥርለት እንኳ ግማሽ ቀን መሟገት ነበረባት።

አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሆስፒታል ሰነባብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ምላሱ ተሳስሯል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋልም። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ግን የምትወጣለት አንዲት ቃል ብቻ ናት።

"እሺ።"

ራሱን መነቅነቁም ከዚችው ቃል ጋር ተምታቶበት ነበር፤ አይደለም ለማለት ሲፈልግ አዎ ብሎ ይነቀንቃል፣ ከዚያ በራሱ ይናደዳል። ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጥተው ቀልድ የሚወደው አንዱ፣ "በስንት መከራ እሺ አስባልንህ!" ሲል ሁሉም ሳቁ። እሱም ሊመልስለት አፉን ከፈተ። "እሺ" አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቀኝ እጁን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት። "ኳስ መጨበጡ ሰልችቶታል። በሚወደው ነገር ብናሠራው ይሻላል። ጤነኛ ሳለ በእጁ ምን ማድረግ ይወድ ነበር?"

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። "መሪ መደብደብ" አለች። "ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር መሪውን እንደ ከበሮ ነበር የሚደልቀው። ተሳፋሪው ሁሉ ያውቅለታል።"

ባለሙያዋ ሳቀች። "እንግዲያው ቦንጎ ይግዙለት። ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ከበሮዎች ናቸው፤ በጣት ነው የሚመቱት። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ተማሪዎችና ለደስታቸው ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች የሚይዙት ይበቃዋል። ግን ራሱ ይምረጥ። መምረጡም ሕክምና ነው።"

ሚስቱ ይዛው ሄደች። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጊታሮቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለው የሰው ራስ ሊነኩ ምንም አይቀራቸው። ሻጩ ወንበር አቀረበለትና ቦንጎዎቹን መደርደሪያው ላይ አሰለፋቸው።

"ይሄ ለጀማሪ ተማሪ ነው፣ እናቴ። ቀላል ነው፤ ከላይ የተወጠረው ፕላስቲክ ስለሆነ ብርድም ሙቀትም አይለውጠውም። ይሄኛው ደግሞ የእውነት ቆዳ ነው። ድምፁ ይሞቃል፤ ግን አየሩ በተለወጠ ቁጥር ብሎኑን እያጠበቁ ማስተካከል አለ።" አንዱን አንስቶ በጉልበቶቹ መሐል አጣበቀና በጣቶቹ ደለቀው። ሱቁ ደመቀ።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለችው ባሏን። "የቱ ይሻልሃል? ፕላስቲኩ?"

"እሺ።"

"ወይስ ቆዳው?"

"እሺ።"

ሻጩ ፊቱ በራ። "ጋሼ ቆዳውን ወደዋል!"

"እሱ ለሁሉም እሺ ነው የሚለው" አለች ቀስ ብላ። ሻጩ ነገሩ ገባውና አንገቱን ደፋ።

ምርጫው በእሷ ላይ ወደቀ። ስለ ከበሮ የምታውቀው ነገር የለም። እንደ ጨርቅ እየዳሰሰች ታይ ጀመር። ከሁሉም የረከሰውን ስታገላብጠው የብረት ከንፈሩ ስለት ነበረው፤ የደነዘዘ እጅ ቢቆረጥ እንኳ አይሰማውም ብላ መለሰችው። ሌላው እንጨቱ ተሰንጥቆ በቀለም ተሸፍኗል። ባለፕላስቲኩ ግን ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ብሎኖቹ ሳይነቃነቁ ይዞራሉ፤ ሁለቱን ከበሮዎች የሚያያይዘው እንጨትም ጠንካራ ነው። ዋጋውም ከአቅማቸው አይወጣም። ደስ አላት።

ይኼኔ ባሏ ተነሣ። እግሩን እየጎተተ ወደ ጥጉ ሄደ። እዚያ በብረት መቆሚያ ላይ የተሰካ ትልቅ የሚያብረቀርቅ ቦንጎ ነበር። በግራ እጁ ብረቱን ጨበጠና "እሺ!" አለ። "እሺ! እሺ!"

"እሱ ለመድረክ ሰዎች ነው፣ ጋሼ" አለ ሻጩ። ዋጋውን ሲነግራት ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች።

"አንተ ሰው፣ ና ተቀመጥ። አቅማችንን ታውቃለህ።"

ብረቱን ነቀነቀው። "እሺ!" እያለ ጮኸ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እሷ ክንዱን ይዛ በጆሮው፣ "በሰው ፊት አታዋርደኝ" አለችው። ለቀቀው። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። የድሮው ግትርነቱ ነው ብላ አሰበች፤ እንዲያውም በሆዷ፣ ጠባዩ ተመለሰ ማለት ነው ብላ ትንሽ ተጽናናች።

ባለፕላስቲኩን ገዝተው ቤት ሲደርሱ ወንበሩ ላይ አመቻችታ አስቀመጠችውና ሻጩ እንዳሳያት ቦንጎውን በጉልበቶቹ መሐል አስገባችለት። ግራ ጉልበቱ ያዘ። ቀኙ ተከፈተ። ቦንጎው ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አንሥታ መለሰችው፤ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ሁለቱም አላነሡትም።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "መቆሚያውን ነበር እንዴ? ከበሮውን ሳይሆን ብረቱን ነበር የምታሳየኝ?"

"እሺ" አለ።

ይህ ደግሞ መልስ አልነበረም። "ወይስ ትልቁን ቦንጎ ፈልገህ ነው?"

"እሺ።" በግራ ጡጫው የገዛ ጭኑን መታ፤ ደገመ። እጁን ይዛ አስቆመችው።

በማግስቱ ብቻዋን ወደ ሱቁ ተመለሰች። ጥጉ ባዶ ነበር።

"ተሸጠ፣ እናቴ። መቆሚያውም አብሮ ሄደ። ሌሎቹ መቆሚያዎች ደግሞ የእርስዎን ትንሹን አይጨብጡትም።"

"ታዲያ ቀይርልኝ።"

ሻጩ ቦንጎውን አገላበጠው። ጠርዙ ተፈግፍጓል። "ወድቋል። ሱቁ የኔ ቢሆን በቀየርኩልዎት ነበር... ጋሼ ትናንት መቆሚያውን ነበር እንዴ የሚሉን?"

"አላውቅም" አለች። "እኔም ጠይቄዋለሁ።"

መቆሚያ አዝዝልዎታለሁ አላት። መቼ ይመጣል ስትለው ግን ትከሻውን ነቀነቀ።

ያላደረገችው የለም። ጠረጴዛ ላይ ስታኖረው ይሸሻል፤ ድምፁም ይታፈናል። ከወንበሩ ጋር የሚያስረው ወፍራም ማሰሪያ ሰፋችለት፤ ጥቂት እንደመታ ይላላል። በመጨረሻ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ቦንጎውን በራሷ ጉልበቶች መሐል ጥርቅም አድርጋ ያዘችለት።

በግራ እጁ መታው። ቆም አለና መልሶ መታ። ከወደቀ ወዲህ ያላየችው ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ ቀይ መብራት ይዞት መሪውን የሚደልቀው ሹፌር መሰለ። ቀኝ እጁን አንሥታ ትንሹ ከበሮ ላይ አስቀመጠችለት። ተንሸራቶ ወደቀ። መልሳ አስቀመጠችው።

በሩ ተንኳኳ። የተማሪ የደንብ ልብስ ያዘዘች ደንበኛ ናት፤ የተቆረጠው ጨርቅ ማሽኑ ላይ እንደተከመረ ነው። "መጣሁ!" አለች፤ ግን አልተነሣችም። እሱ በሩን አየ፤ እሷን አየ፤ እጁን ከቦንጎው ላይ አነሣ።

"ምታ፣ ግድ የለም።"

አልመታም። ደክሞት ይሁን፣ ሄደሽ ክፈቺ ማለቱ ይሁን፣ ልታውቅ አልቻለችም። ማንኳኳቱ ቆመና የእግር ኮቴው ራቀ።

መቆሚያው ሳይመጣ ብዙ ቆየ፤ በኋላ መጠየቁንም ተወችው። ባለሙያዋ ለሕክምና በመጣ ቁጥር ቀኝ እጁን ታያለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ለውጥ የለም ከማለት ይልቅ "ቀጥሉ" ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን ወደ ጠዋት አዛውራ ከሰዓቱን ለቦንጎው ሰጠች። የጉልበቶቿ ውስጥ ጎን በለዘ። አንዳንድ ደንበኞቿም ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት፣ ሥራ ስለበዛባት ማሽኑ ላይ እንደቆየች፣ ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ሰማች። ማሽኑን አቁማ ጆሮዋን ጣለች። የቦንጎው ድምፅ አልነበረም። በግራ እጁ ጣቶች የወንበሩን ክንድ እየመታ ነው፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንዳትሰማው እየተጠነቀቀ። ልትነሣ ፈለገች። ብትሄድ ያቆማል፤ ባትሄድ ደግሞ ብቻውን ነው። እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገች፣ ሳትረግጠውም ሳታነሣውም፣ ተቀምጣ ቀረች።