ያልተከፈተው ሞተር

ጋሽ ቶርኒዮ ይህችን ነገር በሳምንት ሦስቴ ይላታል፤ ማንም ባይጠይቀውም ይላታል። «በሳጥን የሚመጣ ሞተር ሬሳ ነው። አሮጌውን ያጥቡታል፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ሳጥን ውስጥ አጋድመው አዲስ ነው ብለው ይልኩታል።» ከማን ሰማህ ሲሉት «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ከማን ሰማህ ይባላል?» ይላል። ወሬዋ ከአጎቴ ጋራዥ ትነሳና ጎማ ቤቱንና ባትሪ ሻጩን አዳርሳ ስትመለስ ደግሞ «ይኸው፣ ባትሪ ሻጩም ብሏል» እያለ ምስክር ይቆጥርላታል።

ስሙ ከሥራው የወጣ ነው። ከጋራዡ ጎን ባለችው ክፍል በቶርኒዮ ማሽኑ ብረት ይቀርጻል፣ የተበላ ሲሊንደር ያስተካክላል። ሰው ሁሉ አዲስ ሞተር በሳጥን ካስመጣ ያረጀውን ተሸክሞ ማን እሱ ጋ ይመጣል? ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት።

«ምላስሽን ሞረድ ላይ አሳድረሽው ነው የመጣሽው» አለኝ።

«ሞረዱ ያንተ ነው፣ ጋሼ።»

የኔ ጣጣ አንዲት መኪና ናት። ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ አጭር፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ መኪና። ሞተሯ ነክሶ፣ ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሎ፣ ከቆመ ጀምሮ አጎቴ የጋራዡ ጥግ ገፍቷት ስድስት ዓመት የጨርቅና የባዶ ጣሳ ማስቀመጫ ሆና ኖረች። ዝገቷን የፋቅኩት እኔ ነኝ። ወለሏን የበየድኩት፣ ፍሬኗን ፈትቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ እንዳልማር የደከሙ ግን ሞልተዋል።

ታዲያ ጋሽ ቶርኒዮ ትልቅ አዲስ ማሽን ሊያስመጣ ነው ተባለና ለማሽኑ የታሰበው ቦታ ያው የመኪናዬ ጥግ ሆነ። አጎቴ ፈረደ። «ሁለት ወር አለሽ። በራሷ ሞተር ተነስታ ከበር ከወጣች ያንቺ ናት። ካልወጣች ተቆራርጣ ትወጣለች።» «በራሷ ሞተር» ያለው ሆን ብሎ ነው፤ ገፍቼ እንዳላወጣት። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ቃሉን ከተናገረ በኋላ ቃሉ ራሱ አለቃው ይሆናል።

አዲስ ሞተር በሳጥን ከሚያስመጣ ነጋዴ ለምርጫ ሁለት ቀረበልኝ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ አራት። አጎቴና ጋሽ ቶርኒዮ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ስድስቱን አሉ፤ እኔ አራቱን።

«ሴት ስለሆንሽ ነው ትንሹ የታየሽ» አለ ጋሽ ቶርኒዮ።

«ሜትር ስላለኝ ነው።»

በእርግጥም ለክቼ ነበር። ሁለቱንም በልካቸው ከካርቶን ቆርጬ፣ አጣብቄ፣ ኮፈኑ ሥር አስገብቻቸዋለሁ። ስድስቱ ሲገባ ለራዲያተሩ ቦታ አይተርፍም። ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ የሠራሁት ፍሬን አይችለውም፣ የካምቢዮውም ጥርሶች በጉልበቱ ይሰባበራሉ። አራቱ ግን ከነባሩ ካምቢዮ ጋር ቀዳዳ ለቀዳዳ ይገጥማል። ለመኪና ሞተር የሚመርጥ ሰው ከካምቢዮው መጀመር አለበት፤ እነሱ የጀመሩት ጎረቤት ምን ይለናል ከሚለው ነው። አራቱን አዘዝኩ። አጎቴ «የልብስ ስፌት ሞተር» ብሎ ስም አወጣለት።

ሳጥኑ የደረሰው ሁለት ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጣውላውን ነቅዬ ላስቲኩን ስገልጥ ሁለቱም አጠገቤ ቆመዋል። ጋሽ ቶርኒዮ መፍቻ ይዟል።

«ጠረጴዛ ላይ ይውጣ» አለ አጎቴ።

በዚህ ጋራዥ ሕግ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሳይከፈት መኪና ውስጥ የሚገባ ሞተር የለም። ለአሮጌ ሞተር ደግ ሕግ ነው። የኔ ግን የፋብሪካው እሽግ ከተነሳ ዋስትናው ይወድቃል። የባሰው ደግሞ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ የያዙት ቡሎኖች ናቸው፤ አንዴ ሲጠብቁ ይለጠጣሉ፣ ከተፈቱ ዳግም አያገለግሉም። ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት። መኪናዬ ያላት አራት ቀን።

ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ውረጂ» አለ አጎቴ።

«አልወርድም።»

«ሕጉን እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ሞተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ አጎቴ።»

«ውስጡን ሳታይ በምን አወቅሽ?» አለ ጋሽ ቶርኒዮ። «ሬሳ ላይ ተቀምጠሽ ቢሆንስ፣ የኔ እመቤት?»

በመጥረጊያ ነው ያወቅኩት። ዓመት ተኩል ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ወለል ጠርጌያለሁ። የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ሲፈስ፣ ቀዝቅዞ አሸዋው ሲራገፍ አይቻለሁ። ሲሊንደሩ ከተቦረቦረ በኋላ ድንጋይ የተገጠመለት ዘንግ እየተሽከረከረ ይወጣል ይወርዳል፤ ግድግዳው ላይ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ስስ ጭረት ይተዋል። ዘይት የሚይዘው ያ ጭረት ነው። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ ለብቻው ይሽከረከርና የከበደ ጎኑ ተበስቶ ሚዛኑ ይስተካከላል። መገጣጠሚያው ክፍል የምገባው ፀጉሬን ሸፍኜ ጫማ ቀይሬ ነበር፤ እዚያ አቧራ እንደ ሌባ ይፈራል። ቡሎን ያጠበቀችው ሠራተኛ በእያንዳንዱ ላይ የቀለም ነጥብ ታሳርፋለች። በመጨረሻ ሞተሩ ያለ ነዳጅ በኤሌክትሪክ እየዞረ የዘይት ግፊቱ ይለካል፤ ከዚያ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወደ ሳጥኑ። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመገጣጠሚያ ሠንጠረዥ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ብነግራቸው «ጠራጊ ነበርሽ» ይሉኛል። ስለዚህ አልነገርኳቸውም። አንድ ካንዴላ፣ እሳት መለኮሻውን፣ ፈታሁ፤ እሱ እሽግ የለውም። እንደ ሽቦ የቀጠነችውን ካሜራ በቀዳዳው አስገባሁና ስልኬን ለጋሽ ቶርኒዮ ሰጠሁት።

«አንተ ሲሊንደር ስታይ ነው የኖርከው። ሬሳ ከሆነ ንገረኝ።»

መነጽሩን አወረደ። ስልኩን ከብርሃኑ ከለለው። ካሜራውን ቀስ እያልኩ ሳዞርለት አፍንጫው ስልኩን እስኪነካ ተጠግቶ አየ። ጭረቱ ከላይ እስከ ታች አልተነካም፤ ፒስቶን ለዓመታት የተመላለሰበት ግድግዳ እንደ መስተዋት ነው የሚያበራው፣ ይሄ አላበራም።

«እንዴት ነው?» አለው አጎቴ።

ጋሽ ቶርኒዮ ስልኩን መለሰልኝ። መዋሸት ይችል ነበር፤ እጁ ግን የሚያውቀውን ሥራ አፉ ሊሰድበው አልቻለም። «ገና ሥራ ያልነካው አዲስ ነው» አለ። መፍቻውን ኪሱ ከተተና ወደ ክፍሉ ሄደ።

አጎቴ ሞተሩን አየው፣ ጠረጴዛውን አየው። «ቢነክስ ማንም አያግዝሽም።»

«አሁንስ ማን አገዘኝ?»

ሦስት ቀን ለብቻዬ ገጠምኩት። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«አስነሺው እንጂ» አለ አጎቴ።

አላስነሳሁም። ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣው ደረቁን ነው። ዘይት ሞላሁ፣ አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ፣ በማስነሻው፣ በሞተሪኖው፣ ባዶውን አዞርኩት። የግፊት መለኪያው ቀስት አልተነቃነቀም።

«ፈራች» አለ አጎቴ።

ደገምኩት። በሦስተኛው ቀስቱ ተነስቶ ቦታውን ያዘ። ካንዴላዎቹን መለስኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ። ሳልሰናበታቸው በመካከላቸው አልፌ ከበሩ ወጣሁ። አጎቴ እግሩን ሰበሰበ፤ ባይሰበስበው ኖሮ እረግጠው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ቶርኒዮ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ብረት ሊገዛ እየሄደ ነበር፤ አድርሺኝ አለ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ተቀመጠና ጥቂት እንደሄድን ሞተሩን አዳመጠ።

«ማሽንህ ገባ?» አልኩት።

«አይመጣም።»

«ለምን?»

«ከበሩ በአራት ጣት ይሰፋል። ግድግዳ አላፈርስ። የፀጉር ውፍረት የምለካ ሰውዬ በር መለካት ረሳሁ ብዬ ለአጎትሽ ልንገረው? ትዕዛዙን ሰርዤዋለሁ።»

«መቼ?»

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አወጣ።

«ሞተሩን ከማዘዝሽ በፊት።»