የሽታውና የውሃው ነገር

ቹ ማንሲክ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ስብሰባ የሄደው ሚስቱን የቀበረበትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው። ሌላ ሙሉ ልብስ የለውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቱታና በነጠላ ጫማ ነበር የመጣው። የጎረቤቱ የዶሮ ጥብስ ቤት ባለቤት፣ የሶል እናት፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና ሳቋ አመለጣት።

«አባባ፣ ሊዳሩ ነው እንዴ?»

«ሙሽራዋ አንቺ ካልሆንሽ፣ አዎ።»

አብሯት ሳቀ እንጂ ሆዱ አልሳቀም። ማንሲክ የሚኖረው ግማሹ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቤት ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እንጂ ፊት አያይም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በዚያ መስኮት ገብቶ ፍራሹን አንሳፈፈው። ልጁ ዩንጁ ከሴኡል መጣች፤ ሱሪዋን ሰብስባ ወለሉን ስትጠርግ ዋለችና ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ይሄ የውሃ ነገር እስኪስተካከል ሀራምን እዚህ አላሳድርም» አለችው።

ሀራም የልጅ ልጁ ነው። የመኸር በዓል፣ ቹሶክ፣ ሲደርስ ልጆች ሁሉ ወላጆቻቸው ቤት ይገባሉ፤ የማንሲክን በር ግን ካቻምናም አምናም የቆረቆረ አልነበረም። ስለዚህ «እስኪስተካከል» የምትለዋን ቃል ሙጭጭ ብሎ ያዛት። ልጅቷ አልመጣም አላለችም፤ ይስተካከል ነው ያለችው። ይስተካከላላ!

በስብሰባው ላይ አንዱ ስለ ጉድጓዱ፣ አንዱ ስለ ተሰነጠቀው አስፋልት አቤት አለ። የሶል እናት ደንበኞቿ ዶሮ ሊበሉ ሲመጡ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ እንደሚገቡ ተናገረች። ማንሲክ ተራው ሲደርስ ሲያጠናው የሰነበተው ንግግር ድራሹ ጠፋበት።

«የልጅ ልጄ ማደሪያ ይፈልጋል» አለ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእርስዎ አቤቱታ ስለ ፍሳሽ ነው ወይስ ስለ ቤት?»

«ስለ ፍሳሽ ነው። ፍሳሹ ከተስተካከለ ልጁ ያድራል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ ባለሙያ ይላካል አሉ።

ባለሙያው ኢንጂነር ፒዮ የሚባል፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ወጣት ነበር። የሚመጣበት ቀን ስለታወቀ ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ ሽር ጉድ ሲል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከቱቦው የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰዉ ደግሞ መላ ብሎ የውሃ መውረጃውን የብረት ፍርግርግ በአሮጌ ምንጣፍ፣ በጎማ፣ በካርቶን ይከድነዋል። ዝናብ ሲመጣ አነሳዋለሁ ይላል፤ ዝናቡ ግን ሰው በተኛበት ይመጣል። ያን ቀን ሁሉም ክዳኑን አንስቶ ደበቀ። ማንሲክ ብቻ ለእንግዳው ክብር ቤቱን ሲወለውል ረሳው።

ኢንጂነሩ የማንሲክ መስኮት ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። ወፍራም ጥቁር ጎማ ፍርግርጉን ግጥም አድርጎ ሸፍኖታል።

«ይሄ የማነው?»

የሶል እናት ደመናውን መመርመር ጀመረች። ማንሲክ ያን ጎማ መቼ እንደገዛው ትዝ አለው። ጎርፉ ከመግባቱ በፊት፣ በጸደይ፣ ዩንጁ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ አፍንጫዋን ስትይዝ አየና በማግስቱ ከገበያው ሁሉ ወፍራሙን መርጦ አመጣ። ልጁን ሽታ እንዳያባርርበት ብሎ ውሃውን ራሱ ወደ ቤቱ አስገባው። የእኔ ነው ካለ፣ ራስህ ባመጣኸው ጣጣ ምክር ቤቱን አታድክም ብለው ፋይሉን ይዘጉታል፤ ሀራምም ይቀራል። ዝም ካለ ግን ሌላው ይጠረጠራል።

«የእኔ ነው» አለ። «ልጄ ሸተተኝ ብላ ነው።»

ኢንጂነሩ ጎማውን በአንድ እጁ አነሳው። «አባባ፣ ከላይ ጀምሬ ስመጣ ያየሁት ፍርግርግ ሁሉ የምንጣፍ ምልክት አለበት። ባለቤት የተገኘለት ግን ይሄ ብቻ ነው።»

«እሺ በቃ!» አለች የሶል እናት። «የእኔም ፍሪጅ ጀርባ አለልዎት! ይሄን እያሸተተ ማን ዶሮ ይበላል?»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጓዳው የደበቀውን ተናዘዘ፤ ኢንጂነሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ውሃውን የሚውጥ፣ ሽታውን የሚያግድ ክዳን ያስፈልጋል ብሎ ሄደ።

እውነትም ሠሩት። አስፋልቱ ተቆፍሮ ወደ መሐል እንዲያዘነብል ተደርጎ ተነጠፈ፤ ክዳን ያላቸው አዳዲስ ፍርግርጎች ተገጠሙ። ክረምቱ ሲገባ ማንሲክ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ውሃው ቁልቁል ሲምዘገዘግ ያይ ነበር፤ ጠብታ አልገባም። ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ ተንበርክኮ ፍርግርጉን አሸተተ። ምንም! በዚያው ቀን የሕፃን ፍራሽ ገዛና ለዩንጁ ስልክ ደወለ።

«ተስተካከለ!»

«ምኑ ነው አባዬ?»

«ውሃው ነዋ! ሽታውም ጠፋ፤ መንገዱም ቢሆን ዳቦ የሚበላበት ሆኗል። የሀራምን ፍራሽ አንጥፌያለሁ።»

«ጎሽ አባዬ፣ ጎበዝ። ግን ለቹሶክ… የሀራም አባት ትኬት ቆርጧል፤ ጄጁ ደሴት ልንሄድ ነው። ልጁም አደገ እኮ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ የትም አልሄድም ይላል። ሌላ ጊዜ እንመጣለን፣ እሺ?»

«እሺ፣ ኧረ ችግር የለም። ተዝናኑ።»

ስልኩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሽታው ነው ብሎ ሽታውን ከደነ፤ ውሃው ነው ብሎ ውሃውን አስወጣ። አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው። ፍሳሹ እንደተበላሸ ቢቀር ኖሮ ብሎ ተመኘ፤ መመኘቱም አሳፈረው።

የሶል እናት ከደጃፏ ብቅ አለች። «እህ አባባ፣ ምን አለች? ልጁ ይመጣል አይደል?»

«ልትመጣ ነበር» አለ ማንሲክ። «ግን ፍሳሹን ገና አላመነችውም። ዝናብ ቢመጣ ተመልሶ ይሞላል ብላ ፈራች።»

«ወይ ጉድ! ድሮም የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለይስሙላ ነው! የሰውን የልጅ ልጅ ያስቀራሉ? ነገውኑ ምክር ቤት ሄደን አፋችንን እንከፍትባቸዋለን!»

ስትሳደብለት መስማቱ እንኳ ትንሽ ቀለል አደረገው።

«እንሄዳለን» አላት።